ገደቡ ለፋብሪካ፣ ሽታው ለማሳ፦ የአሟሚ ኬሚካሎች ጉዳይ በይፋት ቆላ

በመስኖ ወቅት ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በሽንኩርትና በቲማቲም ማሳዎች መካከል የሚያልፍ መንገደኛን ሰብሉን ከማየቱ በፊት ሽታው ይቀበለዋል። ለአካባቢው ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «መድኃኒት እየተረጨ ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሽታው የበረታውን መድኃኒት «ጉልበት ያለው ነው» ብሎ መርጦ የሚገዛም አለ። አፍንጫ የሚያገኘው ሽታ ግን ሁልጊዜ የተባይ መግደያው ሽታ አይደለም። ብዙ ጊዜ መግደያው ሟሙቶ የተቀመጠበት ፈሳሽ ሽታ ጭምር ነው።

ይህ ፈሳሽ አሟሚ ይባላል። በርካታ የተባይ መግደያ ንጥረ ነገሮች በውኃ አይሟሙም፤ ስለዚህ አምራቾች ከነዳጅ በሚወጡ ፈሳሾች ያሟሟቸዋል፤ ከውኃ ጋር እንዲዋሐዱም ሌላ አዋሃጅ ንጥረ ነገር ይጨምሩባቸዋል። ለዚህ ሥራ ለብዙ ዓመታት ካገለገሉት አሟሚዎች አንዱ ዛይሊን ነው። ዛይሊንን የከተማው ሰው በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ ቀለም ቀጪው በቲነር ውስጥ፣ አናጺው በቫርኒሽ ውስጥ ያገኘዋል። አርሶ አደሩም ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ስሙን ማንም ያልነገረው መሆኑ ነው። በጠርሙሱ ላይ ከመድኃኒቱ ስምና ከመቶኛው ቀጥሎ «ኢሲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉ፣ ጠብታውም ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት የሚነጣ ከሆነ፣ በእጁ የያዘው በአሟሚ የተዘጋጀ ቅምር ነው። ላምዳ-ሳይሃሎትሪን 5 በመቶ ኢሲ የተባለውን ብንወስድ፣ ተባዩን የሚገድለው ንጥረ ነገር የጠርሙሱ 5 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው በአብዛኛው አሟሚና አዋሃጅ ነው።

ይህን ጉዳይ ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠራተኛ በሥራ ቦታው አየር ውስጥ ስንት ያህል አሟሚ ቢተነፍስ ይፈቀዳል የሚለው ቁጥር በዓለም ዙሪያ እየወረደ ነው። በአንጻሩ የበጋ መስኖ ስንዴና የአትክልት ልማት በተስፋፋበት በዚህ ዘመን በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች መርጫ መሣሪያ በጀርባው የሚያዝል ሰው ቁጥር እየጨመረ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ማሳ ላይ አልተገናኙም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የዛይሊን ገደብ የሚለካው ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ስንት እጁ ዛይሊን ነው በሚል ነው፤ ባለሙያዎች ይህን ልኬት ፒፒኤም ይሉታል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን በአማካይ 100 ይፈቅዳል። የአውሮፓ ኅብረት 50 ላይ ያቆማል፤ ለአጭር ጊዜ፣ ማለትም ለ15 ደቂቃ፣ ከ100 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሠራተኞች ጤና ዘርፍ ተሰሚነት ያለው የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ሃይጂን ባለሙያዎች ጉባኤ ደግሞ ለረጅም ጊዜ 100 የነበረውን የራሱን ምክረ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 20 አውርዶታል። ዛይሊን የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው በዓይንና በመተንፈሻ አካል፣ ከሁሉም በላይ በነርቭ ሥርዓት ላይ የሚያደርሰው ጫና ቀድሞ ከታሰበው ባነሰ መጠን እንደሚጀምር መታወቁ ነው።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፣ ዛይሊን ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ንጥረ ነገር አይደለም። የሚያስከትለው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የሐሳብ መበታተን፣ የእጅ ቆዳ መድረቅና መሰነጣጠቅ ነው። እነዚህን ምልክቶች ያየ አርሶ አደር «ፀሐይ መታኝ» ወይም «ሳልበላ ስለወጣሁ ነው» ቢል አይፈረድበትም። መድኃኒት ረጭቶ የታመመን ሰው በተመለከተ የተባይ መግደያው የሚያመጣውን ከአሟሚው ለይቶ ማወቅ ለሐኪምም ቀላል አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ነውና የሚገቡት።

እንዲህ ዓይነት ቁጥሮች እንዴት እንደሚወርዱ ለማየት ከዛይሊን ይልቅ የቤንዚን ኬሚካል ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። እዚህ ላይ አንድ የስም መምታታት አለ። እኛ ቤንዚን የምንለው መኪና የሚነዳውን ነዳጅ ሲሆን፣ በሳይንሱ ቤንዚን የሚባለው ደግሞ በዚያው ነዳጅ ውስጥ በትንሽ መጠን የሚገኝ፣ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ አንድ ንጥረ ነገር ነው። ይኸው ባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1946 ለዚህ ንጥረ ነገር የሰጠው ገደብ 100 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም ሥራ ድርጅት ባወጣው ስምምነት ቁጥር 136 ከ25 እንዳይበልጥ ተባለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 1 አወረደችው፤ ይህን ለማድረግ የሞከረችው ከዚያ ቀደም ብሎ ሲሆን፣ በ1980 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «የጉዳቱ መጠን በበቂ አልተረጋገጠም» በሚል ሽሮት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ 0.2 እንዲሆን ወሰነ። ጉባኤው ራሱ በ2024 ምክሩን 0.02 አድርሶታል። ከ100 እስከ 0.02 ማለት ገደቡ አምስት ሺህ ጊዜ አነሰ ማለት ነው። በ1946 «ደኅና ነው» በተባለ አየር ውስጥ የሠሩ ሰዎች ይህን አላወቁም።

በሸዋ ሮቢት ጋራዦች ዕቃ በቤንዚን ለሚያጥብ ወጣት፣ ከጀሪካን ወደ ባጃጅ ነዳጅ ለመቅዳት በጎማ ቱቦ በአፉ ለሚስብ ሾፌር፣ በጠባብ ክፍል በር ዘግቶ በማስቲሽ ጫማ ለሚለጥፍ ባለሙያ ይህ ታሪክ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጉዳቱ በዚያው ቀን አይታይም። ዓመታት ወስዶ ሲመጣም ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አይገኝም።

ፋብሪካው ያልሆነ የሥራ ቦታ

ማንኛውም የሥራ ቦታ ገደብ በውስጡ ያልተነገሩ ግምቶች አሉት። ሠራተኛው ጤነኛ ጎልማሳ ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሠራል፤ ሲወጣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ቤት ይሄዳል። ቁጥሩ የተሠራው ለዚህ ሰው ነው።

የይፋት ቆላ አርሶ አደር ይህን ሰው አይመስልም። ተባይ ሲነሣ ከንጋት እስከ ማታ ማሳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የቀረበና ባለሙያዎች ዛሬም የሚጠቀሙበት አንድ ስሌት እንደሚያሳየው፣ የሥራው ቀን ከስምንት ወደ 12 ሰዓት ሲረዝም የሚፈቀደው መጠን በግማሽ መቀነስ አለበት፤ ምክንያቱም ሰውነት የሚቀበልበት ጊዜ ረዝሞ የሚያስወግድበት ጊዜ ያጥራል። 20 የነበረው 10 ይሆናል ማለት ነው። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ማታ ንጹሕ አየር ይተነፍሳል የሚለው ግምትም እዚያው ይፈርሳል።

ሙቀቱን እንጨምርበት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት፤ በደረቁ ወራት የቀትሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ይዘልላል። በ35 ዲግሪ ከዛይሊን የሚነሣው ትነት በ20 ዲግሪ ከሚነሣው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ይኸው አንድ ጠርሙስ በደብረ ብርሃን ብርድ ሲከፈትና በሮቢት ቀትር ሲከፈት አንድ ዓይነት ጠርሙስ አይደለም። ያላበ ቆዳም ከደረቅ ቆዳ ይልቅ ኬሚካልን በቀላሉ ያስገባል። ሌላም አደጋ አለ፤ የዛይሊን ትነት እሳት ለመያዝ የሚበቃው ፈሳሹ ከ27 እስከ 32 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚቀመጥ ዕቃ ይህ ተራ የከሰዓት በኋላ ሙቀት ነው። አጠገቡ ምድጃ ወይም ሲጋራ ካለ የሚሆነውን መገመት አይከብድም።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን ርጭቱ ሳይሆን ብጥበጣው ነው። በመርጫው ውስጥ ያለው ድብልቅ አብዛኛው ውኃ ነው። ያልተበረዘው ፈሳሽ ከሰው ፊትና እጅ ጋር የሚገናኘው ክዳኑ ሲከፈት፣ በክዳኑ ሲለካ፣ ባለ 15 ወይም ባለ 20 ሊትሩ መርጫ ውስጥ ሲጨመርና በእንጨት ሲማሰል ነው። አንድ ምሳሌ እናስላ። አንድ ሰው በቀኑ ውስጥ በብጥበጣ ላይ በጠቅላላው ግማሽ ሰዓት ቢቆይና በዚያ ጊዜ 200 ፒፒኤም ቢተነፍስ፣ የቀረውን ሰባት ሰዓት ተኩል ደግሞ 2 ብቻ ቢተነፍስ፣ የስምንት ሰዓቱ አማካይ 14 ገደማ ይሆናል። በወረቀት ላይ ይህ ሰው ጥብቅ ከሆነው ከ20 ገደብ በታች ነው። በእነዚያ 30 ደቂቃዎች ግን አውሮፓ ለአጭር ጊዜ ከምትፈቅደው እጥፍ ተንፍሷል። አማካይ እንዲህ ያታልላል። አየሩ ላይ ብቻ የሚያተኩር ገደብ ደግሞ በእጅ ላይ የፈሰሰውን አይቆጥርም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከዛይሊን ቁጥር አጠገብ «በቆዳም ይገባል» የሚል ምልክት ያስቀመጠው ለዚሁ ነው።

በአፍንጫ መተማመንም አያዋጣም። ዛይሊን ከገደቡ እጅግ ባነሰ መጠን ይሸታል፤ ይህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን አፍንጫ ቶሎ ይለምደዋል። «አሁን ሽታው ጠፋ» የሚለው ሰው አየሩ ስለጠራለት ላይሆን ይችላል። ከኮሮና ዘመን የተረፈው የጨርቅ ጭንብል ብናኝን ቢቀንስም ትነትን አያግድም፤ ትነትን የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ነው። ስስ የሕክምና ጓንት እንዲሁ ዛይሊንን ለደቂቃዎች ካልሆነ አይመክትም። ሳይታወቅ የለበሱት ደካማ መከላከያ አንዳንድ ጊዜ ድፍረት ብቻ ነው የሚጨምረው።

ሕጉ ማንን ያያል?

በአገራችን ሕግ ጉዳዩ ባዶ ሜዳ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ የሥራው ሂደትም ለአካላዊ፣ ለኬሚካላዊና ለሌሎች ጉዳቶች ምንጭ እንዳይሆን እንዲያደርግ ያስገድዳል። በ2000 ዓ.ም. የወጣ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት መመሪያም አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀች ሲሆን፣ ድርጅቱ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ ሲያስገባ ይኸው ስምምነት መሠረታዊ ተብሏል።

እነዚህ ሁሉ የሚጀምሩት ግን «አሠሪ» ከሚለው ቃል ነው። በደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ለተቀጠረ የይፋት ልጅ አሠሪው ይታወቃል፤ ተቆጣጣሪም የሚያንኳኳው በር አለው። በአበባ እርሻዎችም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራች ላኪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 የራሱን የአሠራር ደንብ አውጥቶ፣ ማን ይረጫል፣ ምን ለብሶ ይረጫል፣ ከርጭት በኋላ ስንት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሰብሉ አይገባም የሚለውን ወስኗል። ይህ የመጣው ከደግነት ብቻ አልነበረም፤ የአውሮፓ ገዢ ስለጠየቀ ነው። የሮቢትን ሽንኩርት የሚገዛው የአዲስ አበባ ነጋዴ ግን የሚጠይቀው ስለ መጠኑና ስለ ድርቀቱ ነው። ይህን በነጋዴው ላይ እንደ ወቀሳ አላነሣሁትም፤ ገበያው ያልጠየቀውን ሕግ ካልጠየቀ ማንም እንደማይጠይቀው ለማሳየት ነው።

የራሱን ማሳ በራሱ እጅ የሚረጭ አርሶ አደር በአዋጁ ዓይን አሠሪም ሠራተኛም አይደለም። ልጁ ሲያግዘውም እንዲሁ። በመካከል ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ሰው አለ፤ መሬት ተከራይቶ ወይም በእኩል ይዞ ሽንኩርት በሚያለማ ሰው ማሳ ላይ በቀን ሒሳብ ወይም በረጨው መርጫ ቁጥር እየተከፈለው የሚረጭ ወጣት። ይህ ወጣት የፈረመው ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ሠራተኛ ያልሆነ ይመስለዋል፤ ያሠራውም ሰው እንዲሁ። አዋጁ ግን የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አይልም፤ የቃል ውልም ውል ነው። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን መቅጠር የተከለከለ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ያለውንም በአደገኛ ሥራ ማሠራት አይፈቀድም፤ ያልተበረዘ ኬሚካል መበጥበጥ ከዚህ የሚመደብ ካልሆነ ምን እንደሚመደብ አላውቅም። በእኔ እይታ በቆላው ከማንኛውም አዲስ ቁጥር በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ነው፤ ለርጭት ሰው የቀጠረ አርሶ አደር በሕግ አሠሪ ሆኗል። ጓንትና ቦት ጫማው፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብሉም የእርሱ ወጪ ነው።

ይህን ማስፈጸም ግን ሌላ ነገር ነው። የአየር መለኪያ ይዞ ከማሳ ማሳ የሚዞር ተቆጣጣሪ መጠበቅ ዘበት ነው። የክልሉ የሥራና ሥልጠና መዋቅር ከተማ ውስጥ ያሉትን ጋራዦችና የእንጨት ሥራ ቤቶች ሊያይ ይችላል፤ ሊያይም ይገባል። ማሳው ላይ የሚደርሰው ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ነው፤ የእርሱ ሙያ ደግሞ ተባዩንና ሰብሉን እንጂ የረጪውን ሳንባ እንዲከታተል ተደርጎ አልተዋቀረም።

ስለዚህ በማሳ ላይ ገደቡን በአየር ከመፈለግ በጠርሙስ ውስጥ መፈለግ ይሻላል። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ወደ አገር እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና ሥራ ላይ እንዳይውል ይከለክላል፤ ምዝገባውም ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን እጅ ነው። አንድ መግደያ በአሟሚም በውኃ መሠረትም ሊዘጋጅ የሚችል ከሆነ ለየትኛው በር እንደሚከፈት መወሰን የሚቻለው እዚህ ነው። ቀደም ሲል ያነሣነው ላምዳ-ሳይሃሎትሪን ራሱ በጥቃቅን ሽፋኖች ታሽጎ በውኃ ውስጥ የሚቀርብበት ቅምር በዓለም ገበያ አለ። ሌሎችም በውኃ ውስጥ ተንሳፍፈው ወይም በውኃ በሚበተን ጥራጥሬ መልክ ይመረታሉ። ቢያንስ ቢያንስ አሟሚው ማን እንደሆነና በመቶ ስንት እንደሆነ በአማርኛ በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ ማለት የሚከብድ ጥያቄ አይደለም።

ተቃውሞ እንደሚኖር ይታወቃል፤ መሠረተ ቢስም አይደለም። በአሟሚ የሚዘጋጀው ይረክሳል፤ ለማምረት ይቀላል፤ ለመለካት አይቸግርም፤ የመርጫውን አፍንጫ አይደፍንም፤ ተንሳፋፊው ግን ካልተናጠ ከታች ይዘቅጣል። የሽንኩርት ዋጋ በአንድ ሳምንት በሚወድቅበት ገበያ ውስጥ ለሚኖር አርሶ አደር የጥቂት ብር ልዩነት ትልቅ ነው። ተባይ መግደያው ራሱ መርዝ መሆኑም በውኃ ስለተዘጋጀ አይቀርም። ሆኖም ዛሬ ልዩነቱን በጤናው እየከፈለ ያለው ዋጋውን ጨርሶ ያልተደራደረበት ሰው ነው፤ በቀን ሒሳብ የሚረጨው።

እስከዚያው ድረስ በአርሶ አደሩ እጅ ያለው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ግን ብጥበጣው ላይ ካረፈ ዋጋ አለው። ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት፣ በሜዳ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መበጥበጥ፤ እጅ የነካውን ወዲያው በሳሙናና በውኃ መታጠብ፤ ልብስ ላይ ከፈሰሰ እስኪደርቅ ሳይጠብቁ ማውለቅ። ባዶ ጠርሙስን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን ወደ መርጫው መጨመር፣ ጠርሙሱንም በስቶ ከጥቅም ውጭ ማድረግ። ድንገት የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም፤ አሟሚው ሲመለስ ወደ ሳንባ ከገባ የሚያመጣው የሳንባ ጉዳት ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። ወተትም መድኃኒት አይሆነውም። ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፣ ጠርሙሱንም ከነጽሑፉ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ምን እንደሚያክም የሚነግረው ያ ጽሑፍ ነው፤ ስለ አሟሚው የሚለው ነገር ካለ።